ዲግሪውን ምጣድ ላይ የጋገረው ወንድሜ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፍቅር ሳይሆን ስለ እንጀራ ነው። ለነገሩ ፍቅርም አይጠፋበትም። እንጀራ ሲጠፋ ፍቅር በየት በር እንደሚወጣ የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ።

ታናሽ ወንድሜ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የተመረቀው በ2007 ዓ.ም. ነው። ያን ቀን በግ ታረደ፣ ጎረቤት ተጠራ። ጋውን ለብሶ የተነሳው ፎቶግራፍ በትልቁ ታጥቦ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ፎቶው ግድግዳ ላይ፣ ባለፎቶው አልጋ ላይ ሆኑ። በሳምንት ሁለት ቀን አራት ኪሎ ወርዶ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ያንጋጥጣል። "ልምድ 2 ዓመት" ይላል ሰሌዳው። ሥራ ሳይሰጡት ልምድ ከየት ያምጣ? እንዲህ እንዲህ ሲል ሁለት ዓመት ሊሞላው ተቃረበ።

አንድ ቀን የግቢያችን ሰው የሆኑ እናት የኤሌክትሪክ ምጣዳቸው አልሞቅ ብሏቸው መጡ። "ልጄ፣ ኢንጂነር አይደለህ? እስቲ እየው" አሉት። "እሺ እማማ፣ ነገ" አለና ጓዳ ገብቶ ለኔ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እታለም፣ እኔ ምጣድ ጠጋኝ ልሆን ነው እንዴ አምስት ዓመት የተማርኩት?" ያ ነገ ሳይመጣ ቀረ። እማማም ሊጡ ሳይበላሽባቸው ለሌላ ሰው ከፍለው አሠሩ።

እኔም ብሆን በልቤ ደግፌው ነበር። አልዋሻችሁም።

ሠላሳ ፋኖስ በማዳበሪያ

ዕቁብ ሲደርሰኝ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የእናታችን አገር ከቡታጅራ ወዲያ ያለች ገጠር ናት። ያኔ መብራት አልገባላትም። ልጆች የሚያጠኑት በኩራዝ ነው፤ የነጭ ጋዙ ጭስ አፍንጫቸውን አጥቁሮት ያድራል። ሞባይል ለመሙላት ደግሞ ከተማ ድረስ በእግር ይኬዳል፣ ገንዘብ ይከፈላል። ታዲያ ለምን በፀሐይ የሚሞላ ፋኖስ አንወስድላቸውም? እነሱ መብራት ያገኛሉ፣ ወንድሜ ሥራ ያገኛል፣ እኔ ዕቁቤን ከነወለዱ አነሳለሁ። አራዳ መሆኔ ነው እንግዲህ!

መርካቶ ሄደን ሠላሳ ፋኖስ ገዛን። ሻጩ "ኦሪጅናል ነው፣ ሦስት ዓመት አይነካውም" አለን። ዋስትና ስንለው ሳቀብን። ደረሰኝ ስንለው ጭራሽ ቱግ አለ። እኛም ርካሽነቱን አይተን ዝም አልን። ወንድሜ የተማረ ሰው ነው፤ አንዱን ፈቶ ማየት ይችል ነበር። አልፈታም። ለምን እንዳልፈታ በኋላ ስጠይቀው "ያው... ፋኖስ መፍታት አሳፍሮኝ ነው" አለኝ።

የ2009 መስቀል ደረሰና በማዳበሪያ ሞልተን ወረድን። አገሬው ለመስቀል ከየከተማው ተሰብስቧል፣ ገንዘብ አለ፣ ክትፎ አለ። በሁለት ቀን ሃያ ሰባቱ አለቀ። የመጀመሪያዋን የገዙን አክስታችን ናቸው፤ የእንቁላልና የዶሮ ገንዘባቸውን ከመቀነታቸው ፈተው። ልጃቸው ያን ዓመት የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈታኝ ነበረች። ፋኖሷን ተቀብላ እንደ ታቦት አቀፈቻት።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ብሩን ሦስት ጊዜ ቆጠርነው።

መስቀል ዞሮ መጣ

ብሩ አለቀ፣ ዓመቱም አለቀ። በ2010 መስቀል እጃችንን እያወዛወዝን እንደገና ሄድን። ሰው ሰላም ቢለንም ሰላምታው ቀዝቀዝ ብሎብኛል። አክስታችን ክትፎውን አቀረቡ፣ ቡናውን አፈሉ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ጓዳ ገብተው በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ፋኖሷ ናት። ከጥር በኋላ አልበራችም።

"ልጆቼ፣ ባዕድ ሸጦልኝ ቢሆን ሽማግሌ እሰድበት ነበር። የእህቴ ልጆች ናችሁና የት ሄጄ ልክሰስ?" አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷ ፈተናውን አላለፈችም። በፋኖሷ ምክንያት ነው አልልም፣ ያለፉትም ቢሆኑ በኩራዝ ነው ያለፉት። ግን ነጠላው ሲፈታ ያን ልጅ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ያን ጊዜ ወንድሜ ቢላዋ ጠየቀ። መሬት ላይ ተቀምጦ ፋኖሷን ፈታት። ውስጧ ያለው ባትሪ ላዩ ላይ ከተጻፈበት ጉልበት ሲሶውን የሚይዝ አይመስልም። ከፀሐይ ሰሌዳው የሚመጣው ሽቦም በወጉ ስላልተበየደ ነቅሏል። ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ አያት። ከዚያ ተነስቶ ቤት ለቤት ሄደና አስራ ዘጠኝ የሞቱ ፋኖሶች ሰብስቦ በዚያው ማዳበሪያ ሞልቶ መጣ።

አዲስ አበባ ሲደርስ ደህና ባትሪ ገዝቶ፣ ሽቦውን እንደገና በይዶ አስራ አንዱን አስነሳ። ለቀሩት ስምንቱ ገንዘባቸውን መለስን። ዕቁቤ እዚያው ተበላ በሉት። ወንድሜ ግን ከተመረቀ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሰው ሲነሳ ያየሁት ያን ሳምንት ነው።

"ዲግሪህን ምጣድ ላይ ጋገርከው?"

ፋኖሶቹን ሊመልስ የሄደ ቀን ገበያ ነበር። ሰዎች የሌላ ቤት ፋኖስ፣ ራዲዮ፣ የሞባይል ቻርጀር ይዘው ከበቡት። ጠረጴዛ ተውሶ ተቀመጠ። በሚቀጥለውም ገበያ ሄደ። ቀስ በቀስ ሁለት የሠፈሩን ጎረምሶች አስተምሮ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጁ። በዋስትና የሚሸጥ ፋኖስ አመጡ፣ ጣራ ላይ የሚተከል ሰሌዳ ጀመሩ። ከተማ ውስጥ መብራት ላለው ደግሞ ምጣድ ይሠራሉ። አዎ፣ ምጣድ!

ያኔ ወንድሜ እጮኛ ነበረችው። ስሟ ይቅር። ቤተሰቧ "ኢንጂነር ሊያገባን ነው" ብሎ አውርቷል። አንድ ቀን ሳትነግረው ልትጎበኘው ሄደች። እጁ በጥላሸት ጠቁሮ፣ የተገለበጠ ምጣድ ታቅፎ አገኘችው። ያለችው ነገር ዛሬም ቤታችን ውስጥ ይተረታል። "ዲግሪህን ምጣድ ላይ ጋገርከው?" ከዚያ ወዲያ ስልኳ አይነሳም።

ልፍረድባት? አልፈርድባትም። እኔ እህቱ ስንት ጊዜ ለሰው "ኢነርጂ ሴክተር ውስጥ ነው የሚሠራው" እያልኩ አለፍኩት መሰላችሁ! ውሸት አይደለም፣ ግን ሐቁን መናገር አሳፍሮኝ ነው።

ሥራው የት ነው ያለው?

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። "አረንጓዴ ኃይል ሥራ ይፈጥራል" ሲባል በየስብሰባው እንሰማለን። እውነት ነው፣ ይፈጥራል። ግን የትኛውን ሥራ? ለማን? ለስንት ጊዜ?

የህዳሴውን ግድብ እንውሰድ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀመጠ፤ በየካቲት 2014 የመጀመሪያውን ኃይል ሰጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት! እኔም እንደ ብዙው ደመወዝተኛ ቦንድ ገዝቻለሁ፣ ኮርቻለሁ። በግንባታው ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንጀራ በልተውበታል። በያጁ፣ ሾፌሩ፣ ብረት አሳሪው፣ ወጥ ቤቷ ሁሉ። ግድብ ሲያልቅ ግን ሥራውም ያልቃል። ተርባይን ከዞረ በኋላ የሚያስፈልገው ሰው ከገነባው ሰው ጋር አይወዳደርም።

ነፋሱም እንዲሁ ነው። ወደ አዳማ ስትሄዱ ኮረብታው ላይ የተሰለፉትን ነጫጭ ምሰሶዎች አይታችኋል። የመጀመሪያው ምዕራፍ 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ነው። መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳም 120 ሜጋ ዋት ነው። መኪና አቁማችሁ ብትቆጥሩ ምሰሶው ከሰዉ ይበዛል። ማሽኑ ደግሞ ከውጭ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ከወጣው ገንዘብ ትልቁ ቁራሽ ተመልሶ የሚሄደው ወደ ሠሪው አገር ነው።

ይህን የምለው ግድቡና ነፋሱ አያስፈልጉም ለማለት አይደለም፤ ኃይል ከሌለ ፋብሪካ የለም፣ ወፍጮ የለም፣ ጋራዥ የለም። ግን ሜጋ ዋት ብቻውን ደመወዝ አይሆንም። ደመወዝ የሚሆነው ኃይሉ ሰው ቤት ሲገባ ነው። ቤት ለመግባት ደግሞ ምሰሶ ተካይ፣ ሽቦ ዘርጊ፣ ቆጣሪ አሳሪ፣ ምጣድ ሠሪ፣ የተበላሸ ጠጋኝ ይፈልጋል። ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ደግሞ ገና ምንም መብራት የለውም። ይህ ሁሉ ሰው ለኛ ለጎረምሶቹ ያልተነካ ገበያ ነው።

የምድጃ ነገር ደግሞ አለላችሁ። አብዛኛው የኢትዮጵያ ቤት ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። "ምርጥ" የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ በቅርጽ የሚሠራ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ደስ የሚለኝ ምኑ ነው? ከባድ መሆኑ! ከባድ ስለሆነ ማንም በኮንቴይነር ጭኖ አያመጣውም። እዚያው በሚሸጥበት ወረዳ መሠራት አለበት። ስለዚህ ሥራው እዚያው ይቀራል ማለት ነው። "ላቀች" የተባለችው የከሰል ምድጃም ብትሆን ሸክላ ሠሪና ቆርቆሮ ቀጥቃጭን አጣምራ ነው የምታበላው። ዘመድ ናት ከኬንያዋ ጂኮ።

ግድቡ ላይ ሰባት ዓመት በበያጅነት የሠራ አንድ የሠፈራችን ልጅ ተቀንሶ መጣ። ወራት ጨጓራውን እያሻሸ ተቀመጠ። ዛሬ ለወንድሜ ቡድን የምድጃ መሥሪያውን የብረት ቅርጽ በይዶ የሚሸጠው እሱ ነው፤ ለሌሎች ወረዳዎችም ይልካል። ግድቡ ሥራውን ቢወስድበትም እጁን አልወሰደበትም።

ሌሎች አገሮችስ?

ኬንያ ውስጥ ኤም-ኮፓ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ዘዴ አመጣ። ደንበኛው ትንሽ ቅድሚያ ከፍሎ ሶላሩን ቤቱ ይወስዳል፤ ቀሪውን በየቀኑ በሞባይል ይከፍላል፤ ካልከፈለ ዕቃው ራሱን ይቆልፋል። ነጭ ጋዝ ይገዛበት የነበረው ሳንቲም ዕዳ መክፈያ ሆነ። ቤት ለቤት የሚያስተዋውቁ በሺዎች የሚቆጠሩ ወኪሎችም ኮሚሽን አገኙበት። እኛም ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለን፤ መንገዱ ተጠርጓል።

ባንግላዴሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በብድር ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ሶላር ገጠመች። ገጣሚው፣ ገንዘብ ሰብሳቢው፣ ጠጋኙ የገጠር ወጣት ነበር። ያን ያህል ሰፊ ሥራ ግን ዘላለም አልቆየም። ዋናው የመብራት መስመር ገጠሩን ሲያዳርስ የሶላሩ ሽያጭ ወረደ።

እኛንም ይኸው ገጠመን። የእናታችን አገር በ2014 ዓ.ም. መብራት ገባላት። እልል ተባለ። ወንድሜም እልል አለ፣ ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደውም። በሚቀጥለው ገበያ አንድ ፋኖስ አልተሸጠም። ከሁለቱ ልጆች አንዱ ተስፋ ቆርጦ ዓረብ አገር ሄደ። ወንድሜ ምን አደረገ? አስር የኤሌክትሪክ ምጣድ በዱቤ አምጥቶ የቤት ሽቦ መዘርጋት ጀመረ። አንድ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ሽቦው ቀጭን ከሆነ ቤቱን ያነዳል። ስለዚህ ዕውቀት ይፈልጋል። ያ የተናቀው ዲግሪ ዋጋው የታየው ያኔ ነው።

ከመግባታችሁ በፊት

"እኔስ?" የምትሉ ወጣቶች፣ ካቃጠለኝ ልምድ ተነስቼ ልምከራችሁ።

1ኛ. ከመሸጥ በፊት መጠገን ልመዱ። የሸጣችሁትን ማዳን ካልቻላችሁ ነጋዴ ሳትሆኑ አላፊ አግዳሚ ናችሁ። አንድ ቴስተር፣ አንድ መበየጃ፣ የጥቂት ወራት የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ለመጀመር ይበቃል።

2ኛ. ዕቃውን ፈትታችሁ እዩ፣ ዋስትና በጽሑፍ ተቀበሉ። ጥራታቸው በላቦራቶሪ የተፈተሸ የሶላር ዕቃዎች ዝርዝር አለ፤ በዓለም ባንክ ቡድን ላይቲንግ አፍሪካ ተብሎ የተጀመረው ምርመራ ዛሬ ቬራሶል በሚል ስም ይሠራል። የምትገዙት ሞዴል እዚያ ካለ ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል። ሻጭ ደረሰኝ ሲባል ከሳቀባችሁ እናንተም ሳቁና ውጡ።

3ኛ. የመብራት መስመር መቼ እንደሚደርስ ጠይቁ። በሚቀጥለው ዓመት የሚደርስበት ቦታ ላይ ሠላሳ ፋኖስ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ሽቦና ማከፋፈያ ይዛችሁ ሂዱ። መስመር የማይታሰብበት ቦታ ላይ ደግሞ ሶላር ገና ብዙ ዘመን አለው።

4ኛ. ባትሪ የሚመጣው በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የኛ የባትሪ ዋጋ ዘሎ ሁለት ወር ጠረጴዛው ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ አንድ እጃችሁን ከውጭ በሚመጣ፣ ሌላውን እዚሁ በሚሠራ ነገር ላይ አድርጉ። እኛን ያን ጊዜ ያኖረን የሲሚንቶ ምድጃ ነው።

5ኛ. ዓይናችሁን መኪናው ላይ ጣሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለከል የኤሌክትሪክ መኪና መንገዱን ሞላው። መኪናው ሲበላሽ ግን የሚያውቅለት መካኒክ ብርቅ ነው። ዛሬ ይህን የሚማር ልጅ ነገ ደንበኛ ፍለጋ አይዞርም።

6ኛ. ይህኛው ለወላጆችና ለእጮኞች ነው። ልጁ እጁ ጠቁሮ ሲመጣ ውሃ አሙቁለት። እባካችሁ አትሳቁበት። የተናቀ ሥራ ሰው ያጣል፤ ሰው ያጣ ሥራ ደግሞ ተመልሶ የሚሠራው በውጭ ሰው ነው።

መሰነባበቻ

ወንድሜ ሀብታም ሆነ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልሆነም። ኪራይ ይከፍላል፣ ለእናታችን ይልካል፣ ሦስት ሰው ያሠራል። የጋውኑ ፎቶ አሁንም ሳሎን አለ።

ያቺ የአክስታችን ልጅ በዓመቱ ደግማ ተፈትና አለፈች። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ የቡድኑን መዝገብ የምትይዘው እሷ ናት። ባለፈው መስቀል ሄጄ አንድ ፋኖስ ለጓደኛዬ ፈለግኩና "በዱቤ ስጪኝ፣ አዲስ አበባ ስደርስ እልክልሻለሁ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና "እታለም፣ ለአንቺ በእጅ በእጅ ነው" አለችኝ። ከፈልኩ። ደረሰኝ ቆርጣ፣ የዋስትናውን ቀን ጽፋ ሰጠችኝ።

ቸር ሰንብቱ!